ብሩ ወጣ፣ ትኬቱ አልመጣ

ባለፈው ክረምት አክስቴ ደሴ አረፈች። ቀብሯ በማግስቱ ከሰዓት ስለነበር ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ በስልኬ የአውቶቡስ ትኬት ቆረጥኩ። ብሩ ከሂሳቤ ወጣ፤ ትኬቱ ግን አልመጣም። ባንኩ ጋ ስደውል «ከእኛ ወጥቷል» አሉኝ። ትኬት ሻጮቹ ደግሞ ጠዋት ላይ «እኛ ጋ አልደረሰም» አሉ። በመሃል ክፍያ የሚያስተላልፍ ሦስተኛ ድርጅት እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው። ስልክ ቁጥሩን የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም።

እንግዲህ አንድ መተግበሪያ የምንለው ነገር የብዙ ሰርቪሶች ቅጥልጥል ነው። አንዱ መቀመጫ ይይዛል፣ አንዱ ብር ይቀንሳል፣ ሌላው መልእክት ይልካል። የሚቀጣጥላቸው ፕሮግራመር ነው። «ማሽኑ ራሱ ይቀጣጥላቸው» የሚለው ሕልም ግን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ቲም በርነርስ-ሊ ከሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ስለ አንድ እህትና ወንድም ጽፎ ነበር፤ የእናታቸውን የሕክምና ቀጠሮ የሚያመቻቹላቸው የሶፍትዌር ወኪሎች ናቸው። ከዚያ በፊት በ2000 አይቢኤም፣ ማይክሮሶፍትና አሪባ ዩዲዲአይ የተባለ የሰርቪሶች ማውጫ ይፋ አድርገዋል። ሐሳቡ ፕሮግራሞች የሚፈልጉትን ሰርቪስ ከዚያ ፈልገው እንዲያገኙ ነበር። ለሕዝብ ክፍት የነበረው ማውጫ በ2006 ተዘጋ።

ለምን አልሆነም? በእኔ እይታ ችግሩ መግለጫው ላይ ነው። ሰርቪሱ ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ ይጽፋል፤ «ብር ከተቀበልኩ በኋላ ሥራው ቢከሽፍ ተጠያቂው ማነው?» የሚለውን አይጽፍም። ማሽን የመረጃ ዓይነት ማገጣጠም ይችላል። ኃላፊነትን ግን የሚያገጣጥመው ውል ነው።

የሚያበሳጨው መላው ከዚያ ሁሉ በፊት መታወቁ ነው። በ1987 ሄክተር ጋርሲያ-ሞሊናና ኬኔት ሳሌም ስለ ዳታቤዝ ሲጽፉ «ሳጋ» ያሉትን አሠራር አቀረቡ፦ ረጅሙን ሥራ በየእርምጃው ክፈለው፣ ለእያንዳንዱ እርምጃ ማካካሻ አዘጋጅለት። መቀመጫው ካልተያዘ ብሩ በራሱ ጊዜ ይመለሳል ማለት ነው። (የተላከ መልእክት እንዴት እንደሚመለስ አትጠይቁኝ፤ አይመለስም።)

አሁን ደግሞ ኤአይ ሰርቪሶችን እየመረጠ እንዲጠራ እየተደረገ ነው። እኔ አልቃወምም፤ እንደ እኔ ሌሊቱን ስልኩ ላይ አፍጥጦ የሚያድረውን ሰው ከገላገለ እሰየው። ግን ማንም «ወኪሉ ይከፍልልሃል» ሲለኝ አስቀድሜ የምጠይቀው መመለሻውን ማን እንደጻፈው ነው።

የእኔ ብር በ11ኛው ቀን ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ ተመለሰ። ከጎረቤት ተበድሬ በሚኒባስ ደሴ የገባሁት ግን ቀብሩ ባለፈ በማግስቱ ነው።