የከሸፈች ጥይት

የአያቴ ሰደቃ በወጣ ማግስት እናቴ አንድ የኒዶ ጣሳ ይዛ መጥታ አጠገቤ አስቀመጠችው። «አንተ የተማርከው፣ እስኪ ምን ምን እንደሆኑ እያቸው» አለችኝ። ጣሳው ጎንና ጎኑ ላይ የደረቀ አፈር ነበረው፤ በ2014 ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስ አባባ ጓሮ ቀብረውት ነበርና። ክዳኑን ስከፍተው የአሮጌ ናስና የሰም ሽታ ወጣ። ቆጠርኳቸው። አርባ አንድ ጥይት።

የተማርኩት ሶፍትዌር ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ የክፍያ ሥርዓት እሠራለሁ፤ ጠመንጃ ተኩሼ አላውቅም። ግን እኛ ቤት አንዴ «ኢንጂነር» ከተባልክ የተበላሸ ሬዲዮም፣ የማይነሳ የውሃ ፓምፕም፣ የሟች ጥይትም ያንተ ጉዳይ ነው።

አባባ ጨፋ ሮቢት አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ጠመንጃ መጠገን እንጀራቸው ሳይሆን አመላቸው ነበር። ሰደፉ የተሰነጠቀበትም፣ ቃታው የላላበትም እሳቸው ጋ ይመጣል። ሞረድ፣ ጉጠትና ትንሽ ወናፍ ነበራቸው፤ ሌላ ዕቃ አላውቅባቸውም። ተተኩሶ የወደቀ ቀለህም እየሰበሰቡ መልሰው ይሞሉ ነበር።

ቤተሰቡ በጥይቶቹ ጉዳይ አልተስማማም። እናቴ ለፖሊስ ይሰጡ አለች። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን እንደሚከለክልም ነገርኳቸው። የአጎቴ ልጅ ግን «ወላሂ ገበያ ላይ አንዷ ስንት እንደምታወጣ ብታውቅ!» እያለ ይጨቀጭቀኛል። «ይሠራሉ አይሠሩም፣ እሱን ብቻ ንገረኝ።» ስለዚህ ካሊፐር ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ ከሚሴ ካለ ወርቅ ሠሪ ደግሞ ሚዛን ተዋስኩ።

ጥይትን ለመለየት ሦስት ነገር ይበቃል፦ የቀለሁ ርዝመት፣ የእርሳሱ ውፍረት፣ ከሥር የተመታው ማኅተም። የመጀመሪያዎቹ አሥራ አራቱ ቀላል ነበሩ። ቀለሁ ወደ 39 ሚሊሜትር ነው፤ ክላሽ። ከሥራቸው ያለው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ሶቭየቶች ፋብሪካቸውን በስም ሳይሆን በቁጥር ነበር የሚጠሩት፤ አንዱ ቁጥር ፋብሪካው፣ ሌላው ዓመቱ።

ቀጥሎ አሥራ ስድስት ቀጫጭን ጥይቶች። ቀለሁ 52 ሚሊሜትር፣ ማኅተሙ «ኤስ ኤም አይ» እና «936» ይላል። ጣልያን ነው። አንዱን ቁጥር ይተዉታል እንጂ 1936 ማለታቸው ነው፤ በእኛ 1928፣ አዲስ አበባ የገቡበት ዓመት። የዚህ ጥይት ስሙ 6.5 ነው። ስለካው ግን 6.8 እየሆነ አስቸገረኝ። ካሊፐሩ የተበላሸ መስሎኝ በሳንቲም ሁሉ ሞከርኩት። ኋላ ነው የገባኝ፦ ስያሜው የተወሰደው ከአፈሙዙ ውስጣዊ ስፋት ነው፣ ከጉብታ እስከ ጉብታ። እርሳሱ ግን በጉብታዎቹ መሃል ያለውን ጠመዝማዛ ቦይ ሞልቶ መሄድ ስላለበት ከስሙ ይወፍራል።

የቀሩት አሥራ አንዱ እንደ አውራ ጣት የወፈሩ ናቸው። የቀለሁ ርዝመት 59፣ የእርሳሱ ውፍረት 11 ሚሊሜትር አለፍ ይላል። ውጅግራ! ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ በሽለላ ስሰማው የአገር ቤት ቃል ይመስለኝ ነበር። ለካ ግራ የሚባል የፈረንሣይ መኮንን ነው፤ በ1874 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጠመንጃ «ፉዚ ግራ» ተባለ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ውጅግራ ሆነ። ፈረንሣይ በ1886 ለበል የሚባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትይዝ አሮጌው ትርፍ ሆነ፤ በባሕር ዳርቻው በኩልም ወደ እኛ ጎረፈ። ዐድዋም ላይ ነበር። በዚያ ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ሆኖ እንዳገለገለም ተጽፏል። ሰው ገበያ ወጥቶ በጥይት ዕቃ ይገዛል፣ በጥይት መልስ ይቀበላል።

ከዚህ በኋላ ነው ችግሩ የመጣው። የውጅግራዎቹ ቀለህ የፈረንሣይ ነው፣ ማኅተሙም አለ። ፋብሪካው 25 ግራም እርሳስ በወረቀት ጠቅልሎ፣ ከሥሩ 5 ግራም ከሩብ ጥቁር ባሩድ ያደርግ ነበር። እነዚህ ግን ወረቀት የላቸውም፣ በሰም ተቀብተዋል። እርሳሱ ጎን ላይ የቅርጹ መጋጠሚያ መስመር ይታያል፤ አፉ ላይ ደግሞ የጉጠት ጥርስ። የአባባ እጅ ነው። ያኔ ጣልያኖቹንም ደግሜ አየኋቸው፤ አራቱ ላይ ያው የጉጠት ጥርስ አለ። ማኅተሙ ቀለሁ የት እንደተወለደ ይናገራል እንጂ አሁን በሆዱ ስለያዘው አያውቅም። ለአጎቴ ልጅ ይህንኑ ነገርኩት፦ «የሚሠራውን ከማይሠራው፣ የሚሠራውን ደግሞ ፊት ላይ ከሚፈነዳው በዓይን መለየት አይቻልም።»

ከውጅግራዎቹ አንዷ በነጭ ጨርቅ ለብቻዋ ተጠቅልላ ነበር። ፈታሁት። እርሳሷ በቦታው አለ፤ ካፕሱሏ ግን መሃሉ ላይ ተወግቷል። ተመትታ ያልጮኸች። የከሸፈች።

እናቴ ስታያት ቁጭ አለች። «ይቺ ናት» አለች።

ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ጥይቷ መኖሯን ግን ማንም አያውቅም ነበር። በ1950ዎቹ፣ በአንድ በጋ፣ የቦርከና ዳር ሣር ከብት ከየአቅጣጫው በተሰበሰበበት ጊዜ፣ የአባባ ታናሽ ወንድም በግጦሽ ተጣልቶ አንድ ሰው ላይ ቃታ ሳበ። ከሸፈ። ሰው መሃል ገባ፣ አበጋሮች ተቀመጡ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ታረቁ። «አላህ አተረፈን» ተብሎ ነው ለእኛ የተነገረን። የዚያ ሰውዬ ልጆች ትናንት ሰደቃው ላይ ውሃ ሲቀዱ ነበር።

ያንን ጥይት የሞሉት አባባ ናቸው። የወንድማቸውን ቁጣም ከማንም በላይ ያውቁት ነበር።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባሩድ ሳያደርጉ ሰጥተውት ቢሆንስ? ባሩድ ከሌላት 5 ግራም መቅለል አለባት፤ ሚዛን ደግሞ አለኝ። ሲነጋ አሥራቸውንም አንድ በአንድ መዘንኩ። ትንሿ 38 ግራም፣ ትልቋ 46። የእጅ ሥራ ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከባሩዱ ይበልጣል። የከሸፈችው 41 መዘነች። ይህ ምንም አይናገርም። ሙሉም ልትሆን ትችላለች፣ ባዶም።

ጉጠቱን አነሳሁ። እርሳሱን ወዘወዝ ባደርገው አንድ ደቂቃ አይፈጅም ብዬ ነበር። እናቴ ከበሩ ላይ ጮኸች። «ማል ጎታ? ኧረ በአላህ! ያኔ ያልገደለችውን ዛሬ ልታስገድላት ነው?»

ጉጠቱን አስቀመጥኩ። እውነት ለመናገር የፈራሁት ፍንዳታውን ብቻ አልነበረም። ሙሉ ሆና ባገኛትስ? አባባ ለወንድማቸው የሰጡት የሚገድል ጥይት ነበር ማለት ነው፤ ያተረፈንም የረጠበ ባሩድ ወይ የደከመ ካፕሱል። እሳቸው ለስልሳ ዓመት ያህል ጠቅልለው ሲያስቀምጧት ምክንያቱን ለማንም አልነገሩም። እኔም በሕይወት ሳሉ ጠይቄያቸው አላውቅም። በመጣሁ ቁጥር ስልካቸውን አስተካክዬላቸው እመለስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጣሳውን ይዘን ፖሊስ ጋ ሄድን። የአጎቴ ልጅም ሳይለምን ተሸከመልን። ተረኛው ቆጥሮ «41 ልዩ ልዩ ጥይት» ብሎ መዘገበና ቀና አለ። «ይሠራሉ?»

«አላውቅም» አልኩት። «እባክህ ማንም እንዳይሞክራቸው።»

የከሸፈችውንም አብረን ሰጠናት። ጨርቁን ግን እናቴ አጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።