የብር መልክና የሰው ቃል

ገንዘብን መቍጠር ለሕፃንም ይቻለዋል፤ መርምሮ ይህ መልካም ነው፥ ይህ ጐድሏል ብሎ መፍረድ ግን ዕውቀትንም እውነተኛነትንም ይፈልጋል። እውነት የሌለበት ዕውቀት ማታለያ ይሆናልና።

የኢትዮጵያ ገበያ ይህን ምርመራ ከጥንት ያውቀዋል። ማርትሬዛ የሚባለው ጠገራ ብር በሚሠራበት ዘመን፥ ሻጭ የተሰጠውን ብር ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። በንግሥቲቱ ራስና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች ይመለከታል፤ ፈዝዘው ያገኛቸው እንደ ሆነ ብሩን ይመልሳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ያሠሩት ብር በክብደቱ ከማርትሬዛ ጋራ ተካካይ፥ 28 ግራም ያህል ሆኖ ሳለ፥ ገበያው የለመደውን መልክ ቶሎ አልተወም።

በማርትሬዛ ብር ላይ የተጻፈው 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት የፈረንጅ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ቪየና፥ ኋላም ሮማ፥ ፓሪስ፥ ሎንዶንና ቦምቤ ያንኑ ዓመት እየጻፉ አትመውታል። ስለዚህ ዓመቱን አንብቦ የብሩን ዕድሜ ዐወቅሁ የሚል ሰው ይሳሳታል።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ ወዲህ ጠገራ ብር ከገበያ እየራቀ በሰብሳቢዎች እጅ ገባ። ሰብሳቢዎችም የየራሳቸው መለኪያ አላቸው። አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለአገሩ የመዳብ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 የሚደርስ ደረጃ ሠራ፤ ይህም ኋላ ለሌላው ገንዘብ ሁሉ መለኪያ ሆነ። 1 የተባለው ምን እንደ ሆነ ለመለየት ያህል ብቻ መልክ የቀረለት ነው፤ ከ60 ጀምሮ ያለው በገበያ ያልዞረ ነው፤ 70 ነቀፋ የሌለበት ነው። ተፍቆ የታጠበ ወይም የተበሳ ግን፥ መልኩ ምንም ያማረ ቢሆን፥ ከነዚህ ጋራ አይቈጠርም።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በወልቂጤ ከተማ አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስቡ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አሉ። ወደ እሳቸው አንዲት ባልዋ የሞተባት ሴት ከአያትዋ የወረሰችውን ጠገራ ብር ለልጅዋ ትምህርት ልትሸጥ አመጣች። ሌሊቱን በአመድና በሎሚ ስትፈትገው አድራ ነበርና ብሩ ያበራል።

«አባባ፥ እንደ አዲስ ነው» አለች።

ሽማግሌው ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ዕንቍዎቹ አልጠፉም፤ ነገር ግን የንግሥቲቱ ጕንጭ በቀጫጭን ጭረት ተሞልቷል።

«ልጄ፥ ብሩ ብር ነው፤ የብርነቱን ዋጋ እከፍልሻለሁ። ነገር ግን ፍትገቱ ሰብሳቢ የሚፈልገውን ቆዳውን ገፎታል» አሏት።

ሴቲቱ አዘነች፤ በቤትዋ አንድ ሌላ እንዳለና እርሱ ግን ጢስ የጠጣ፥ የጠቈረ መሆኑን ነገረቻቸው። እሳቸውም «እርሱን እንዳትነኪው፤ እንዳለ አምጪው» አሏት። ጥቍረት ብር ከአየር ድኝ ጋራ በዘመን ብዛት የሚያበጀው ቀጭን ልብስ ነውና፥ ሲያዩት ቢያስቀይምም ገላውን ይሸፍናል።

በማግሥቱ ያን ጥቍር ብር በጨርቅ ጠቅልላ አመጣች። ጠጕሩና ዕንቍው ጥርት ያለ ነበር። ሴቲቱ ከፊተኛው ያነሰ ዋጋ ብትሰማ አትከራከርም ነበር፤ ሌላ ገዥም በአቅራቢያዋ የለም። ሽማግሌው ግን ከፊተኛው አብልጠው ከፈሏት፤ ለምን እንደ በለጠም ሁለቱን ጐን ለጐን አስቀምጠው አሳዩዋት። የታጠበውን ለሌላ ሰብሳቢ ሲሸጡም «የታጠበ ነው» ብለው ሸጡት።

የደረጃ ሥርዐት ሁሉ የሚቆመው በእንዲህ ያለው ሰው ነው። ቍጥሩ በመጽሐፍ ይገኛል፤ ቍጥሩን የሚሰጠው ዓይን ግን ብዙ ጊዜ የሚገዛው ሰው ዓይን ነው፤ በዚያም ዓይን ፊት የማያውቅ ሻጭ ቆሟል።

በማርትሬዛ ብር ጠርዝ ዙሪያ በላቲን ቋንቋ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ቃል ታትሟል፤ ጠርዙን ፍቆ የሚሰርቅ ሰው በቃሉ መጥፋት ይታወቅበታል። ብርን የሚመረምር ሰውም ሁለቱን ቃላት በየቦታቸው ያኑር፤ ለብሩ ፍትሕ፥ ለባለቤቱ ርኅራኄ። ስለ ርኅራኄ ደረጃውን ከፍ ቢያደርግ ነገ የሚገዛውን ይበድላል፤ ስለ ትርፍ ዝቅ ቢያደርገውም ዛሬ የምትሸጠውን ይሰርቃል።