መቀሱና ዓይኑ

የፊልም ቅንብር የባለ ስቱዲዮዎች ርስት የነበረበት ዘመን አልፏል። ዋልተር መርች እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን «ኮልድ ማውንቴን» ማንም ከገበያ በሚገዛው ፋይናል ከት ፕሮ በተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አቀናብሮ ለኦስካር ታጭቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ለቀለም ማስተካከያ በነፃ ቅጂ የወጣው ዳቪንቺ ሪዞልቭም ዛሬ ሙሉ ፊልም ይቀናበርበታል።

እኔም ከተውኔቴ የወጣውን አጭር ፊልም በዚሁ አቀናበርሁ። መሣሪያው አልጎደለብኝም፤ የጎደለኝ ጭካኔ ነበር። ራሴ የጻፍሁትን የ4 ደቂቃ ግጥም ቆርጬ መጣል ተሳነኝ። የተቆረጠው በአንድ ቁልፍ ስለሚመለስ፣ ማታ ያወጣሁትን ጠዋት እመልሰው ነበር። ለወዳጆቼ ባሳየሁ ጊዜ፣ ግጥሙ ላይ ሲደርስ ቤቱ በሳል ተሞላ። በዚያች ሌሊት ቆረጥሁት፤ አልመለስሁትም።

እንግዲህ ወጣቱ ባለሙያ «መሣሪያ የለኝም» ብሎ አይቀመጥ። መቀሱ በነፃ ይገኛል፤ የሚቆረጠውን የሚለይ ዓይን ግን የሚገኘው በትምህርትና በትችት ነው።