ፀሐይ በማትወጣበት ከተማ

ዛሬ ወደ ሰሜን ስዊድን፣ ኪሩና ወደምትባል ከተማ ልወስዳችሁ ነው። ከስቶክሆልም በምሽት ባቡር ተሳፍራችሁ ሌሊቱን ስትጓዙ ታድራላችሁ። ሲነጋ በመስኮት የምታዩት ጥድና በረዶ፣ ከዚያም ደግሞ ጥድና በረዶ ነው። ከተማዋ ከአርክቲክ ክበብ በስተ ሰሜን 145 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የምትኖረውም በብረት ማዕድን ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ከመሬት በታች ዓለቱ በፈንጂ ሲናድ አልጋችሁ ይነቀነቃል። እኔና ባለቤቴ በመጀመሪያው ሌሊት ደንግጠን ተነሥተን ስንጸልይ አድረናል! ጎረቤቶቻችን ግን ከእንቅልፋቸውም አልነቁም።

የሄድነው እ.ኤ.አ. በ2015 መከር ላይ፣ የአውቶቡስ ሹፌርነት ሥራ አግኝቼ ነው። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ስድስት ወሯ ነበር። ስቶክሆልም በአማርኛ የምናመልክበት ጉባኤ ነበረን፤ እርሷም ከመዘምራን ጋር ታገለግል ነበር። ያንን ትተን ሄድን። ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ጌታም በዚያ አለ፣ እያልኩ ያሳመንኳት እኔው ነኝ።

በአገራችን ፀሐይ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ወጥታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትገባለች፤ ሰዓታችንንም የምንቆጥረው በእርሷ ነው። ኪሩና ግን በዲሴምበር ወር ለሦስት ሳምንት ያህል ጨርሳ አትወጣም። ቀትር ላይ ሰማዩ ለጥቂት ሰዓት ሰማያዊ ይሆንና ይጨልማል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲደርስ የአፍንጫችሁ ውስጥ ፀጉር ይደርቃል። ይህ ሁሉ ይለመዳል። ያልተለመደው ዝምታው ነው። በደረጃ ላይ የምናገኛቸው ጎረቤቶች አንገታቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። በር የሚያንኳኳ የለም። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ሦስቱንም ስኒ ብቻዋን ትጠጣ ነበር።

እኔስ? እዚህ ላይ ባሎች ልብ በሉ። ከሥራ ስመለስ ስልኬን ይዤ ወደ መኝታ ቤት እገባለሁ። በስልክ ጸሎት ከስቶክሆልም ወገኖች ጋር እተጋለሁ፤ እሑድም የእነርሱን ስብከት አዳምጣለሁ። ኅብረቴን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። ከተማው ውስጥ ያለው የስዊድኖች ቤተ ክርስቲያን ቀዝቃዛ ነው፣ ቋንቋውም አይገባንም ብዬ ዘግቼዋለሁ። አንድ ማታ ባለቤቴ ቆማ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሣ እንዲህ አለችኝ፦ «አንተ ያለኸው ስቶክሆልም ነው። ኪሩና የመጣሁት እኔ ብቻዬን ነኝ።»

መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው እሑድ ብቻዋን ለብሳ ወጣች።

የሄደችው በ1912 ተሠርቶ ወዳለቀው ቀይ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ነው። የአገሩ ቀደምት ሕዝብ የሆኑት፣ አጋዘን አርቢዎቹ ሳሚዎች የሚሠሩትን ጎጆ ይመስላል፤ ጣሪያው ተዳፍቶ ወደ መሬት ይወርዳል። ከአምልኮ በኋላ ቡና አለ። በስዊድን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከምሥጋናው ይልቅ ሰው የሚገናኘው በቡናው ላይ ነው ብል አልተሳሳትኩም። አንዲት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ባለቤቴ በተሰባበረ ስዊድንኛ «እዚህ መቀመጥ እችላለሁ?» አለቻቸው። እርሳቸው ቃል አልተነፈሱም። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ፤ ያው እኛ «አዎ» ለማለት ሳብ እንደምናደርገው!

ሰሜን ስዊድኖች «አዎ» የሚሉት እንዲሁ ነው። ባለቤቴ ግን ይህን አታውቅም ነበርና እናቷ ፊቷ የተቀመጡ መሰላት። እዚያው አለቀሰች። ሴትዮዋም ምንም ሳይጠይቁ ቡናውን ቀዱላት።

ከዚያ ቀን በኋላ «እማማ» አልናቸው። ልጅ ሳሉ የመንደሩ ሴቶች ማታ ተሰብስበው ካልሲና ጓንት እየሠሩ ይሸጡ እንደነበር አጫወቱን። ገንዘቡ የሚላከው ወደ ኢትዮጵያ ነው! በ1856 የተመሠረተው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን የመጀመሪያ መልእክተኞቹን ምጽዋ ያሳረፈው በ1866 ነው፤ አናሲሞስ ነሲብም በእነርሱ እጅ ተምሯል፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። እኔ «ቀዝቃዛ» ያልኳቸው ሰዎች እናቶች እኔ ሳልወለድ ስለ አገሬ ሲጸልዩ ኖረዋል። አፈርኩ።

የዚያ ምድር መነቃቃትም የሚገርም ነው። ላርስ ሌቪ ሌስታዲዩስ የሚባል፣ ካሬሱዋንዶ በምትባል ሩቅ ሰበካ ያገለግል የነበረ ቄስ ነበር፤ ዕፅዋትን የሚያጠና የተማረ ሰው ነው። በ1844 ኦሴሌ ላይ ያገኛት ሚላ ክሌመንትስዶተር የምትባል ተራ የሳሚ ሴት የነፍሷን መንገድ ስታጫውተው ሕይወቱ ተለወጠ። ከዚያ የተነሣው እሳት ሰሜን ስዊድንን፣ ፊንላንድንና ኖርዌይን አዳረሰ። ሰባኪው ከተራ ሴት ሲማር አስቡት። እኔም የተማርኩት ከሚስቴ ነው።

ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ስልኩንም እሑድ እሑድ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ጎረቤቶቻችንን ቡና ጠራን። እንደ እኛ ዝም ብሎ መግባት እዚያ የለምና ቀንና ሰዓት ነገርናቸው። በሰዓቱ፣ በደቂቃው መጡ፤ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። አቦሉን ጠጥተው ሊነሡ ሲሉ ገና ቶናና በረካ አለ ብለን አስቀመጥናቸው። ብዙ አልተናገሩም። ዝምታቸው ጥላቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ብለው ደስ ብሏቸው ተቀምጠው ነበርና!

እውነተኛው ለውጥ ግን የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ማዕድኑ በተቆፈረ ቁጥር ከላይ ያለው መሬት ስለሚሰነጠቅ አሮጌው የከተማ ክፍል እየፈረሰ ነዋሪው ወደ ምሥራቅ ይዛወራል። አዲሱ መሃል ከተማ በ2022 ተመርቋል። የእማማም ቤት የሚፈርስበት ቀን ደረሰ። ሃምሳ ዓመት የኖሩበት ቤት ነው፤ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። ባለቤቴ ሦስት ሳምንት ከሥራ መልስ እየሄደች ሳህኑን በጋዜጣ ጠቀለለች፣ መጋረጃውን አወረደች፣ ፎቶውን በካርቶን አደረገች። ከቤት መለየት ምን እንደሆነ የምታውቅ እርሷ ነበረች። መጨረሻ ላይ እማማ ባዶው ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው እጇን ያዟት። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ስለ ስቶክሆልም አንሥታ አታውቅም። በከተማው ውስጥ የተፈናቀልነው እኛ ብቻ መስሎን ነበር።

በኦገስት 2025 ያ ቀይ ቤተ ክርስቲያን ራሱ ተነሣ። አላፈረሱትም፤ 672 ቶን የሚመዝነውን ሕንፃ እንዳለ በጎማ ላይ ጭነው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል በሁለት ቀን አጓጓዙት። ከሰው እርምጃ ይዘገይ ነበር። መንገዱ ዳር ሕዝቡ ተሰልፏል፤ የሚያለቅስም ነበር። እኛም እማማን በተሽከርካሪ ወንበር ይዘን ቆመናል። ባለቤቴ ከፔርሙዝ ቡና ቀዳችላቸውና በጆሯቸው «ቀዘቀዘዎት እንዴ? ወደ ቤት እንሂድ?» አለቻቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤተ ክርስቲያኑ ገና በፊታችን እያለፈ ነበር።

«እንግዲያው እስኪያልፍ እንቁም?»

አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ።