አባባን ማን ጠየቃቸው?

ዶክተሩ ጠቅሶ ወደ ኮሪደር አወጣኝ። የአባባ ኩላሊት ሥራ አቁሟል፤ ልባቸውም ደክሟል። «እጥበት እንጀምርላቸው ወይስ ይዛችኋቸው ትወጣላችሁ? ተመካከሩና አሳውቁኝ» አለኝ። ባለጉዳዩ ከበሩ ወዲያ ጋዜጣ እያነበቡ ነው።

እኛ ቤት መመካከር ማለት ስልክ ነው። ዋሽንግተን ያለው ታላቅ ወንድሜ «ገንዘብ አታስብ፤ የሚደረገው ሁሉ ይደረግ» አለ። ዱባይ ያለችው እህቴ አለቀሰች። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ እጥበቱን የፈለግሁት ለአባባ ብዬ ብቻ አልነበረም። ድንኳን ውስጥ «ለመሆኑ ምን አሳከማችኋቸው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። «ያልሞከርነው የለም» ብሎ መመለስ ያኮራል፤ «ቤት አስተኛናቸው» ማለት አንገት ያስደፋል። በይሉኝታ ስንት ሽማግሌ ማሽን ላይ እንደዋለ እግዜር ይወቀው።

እጥበት ደግሞ እንዲህ እንደ ዋዛ የሚገባበት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 4 ሰዓት ያህል መርፌና ቱቦ ተሰክቶ መተኛት ነው፤ ያውም በ84 ዓመት፣ በደከመ ልብ።

ነገሩን የቆረጠችው እማዬ ናት። «አፍ አላቸው አይደል እንዴ? ለምን ራሳቸውን አትጠይቋቸውም?» አለች። ነርሷ ይደነግጣሉ ብላ ሰግታ ነበር። አባባ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ዶክተሩን «ያድነኛል?» አሉት።

«አያድንም አባቴ፤ ያቆያል።»

«እስከ መቼ?»

ዶክተሩ መልስ አጣ።

«እንግዲያው ቤቴ ልግባ። የንስሐ አባቴንም ጥሩልኝ።»

ሕጉም ከእሳቸው ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 20 ሰው ምርመራም ሆነ ሕክምና አልፈልግም ማለት እንደሚችል ይናገራል። ኮሪደር ላይ ይህን ያነሳልኝ አልነበረም።

ቤት ገቡ ማለት ሕክምናው ቀረ ማለትም አይደለም። ለማሳከኩ፣ ለማቅለሽለሹ፣ ለትንፋሽ ማጠሩ መድኃኒት ታዘዘላቸው። እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ፣ ቤት ድረስ እየሄዱ የማስታገሻ ሕክምና የሚሰጡ ድርጅቶች እንዳሉም የሰማሁት ያኔ ነው። አባባ ቆረቡ፤ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ታረቁ፤ የማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለባቸው አስጻፉን፣ ከዕድር ደብተሩ ጀርባ ላይ።

የፈራሁት ጥያቄ ለቅሶው ላይ አልቀረም። «ራሳቸው አልፈልግም አሉ» ስል ገሚሱ ራሱን ነቀነቀ፤ ገሚሱ ከንፈሩን መጠጠ። ይምጠጥ።

ባሕር ማዶ ያላችሁ ልጆች ሆይ፣ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት «እስቲ ስልኩን ለአባባ ስጣቸው» በሉ።