የመድኃኒቱ ጉዳትና የሕመምተኛው ቃል

እሳት ወጥ ይሠራል፤ ቤትም ያቃጥላል። ለሰው ልጅ ጥቅም የተሰጠ ነገር ሁሉ ልክ አለው፤ ከልኩ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ያው ጠቃሚው ነገር ተመልሶ ጎጂ ይሆናል። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ባለመድኃኒትን ማክበር እንዲገባ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። ስለዚህ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደረሰብኝ የሚለውን ጉዳት መስማት መድኃኒቱን መንቀፍ፣ የሰጠውንም አምላክ ማማት አይደለም። ይህም ነገር የስኳር በሽታ መድኃኒት በሆነው በኢንሱሊን ታሪክ ጎልቶ ይታያል።

ኢንሱሊን ከጨጓራ ኋላ ያለው ቆሽት የሚያመነጨው ቅመም ነው። ሥራውም ከምግብ የተገኘውን ስኳር ከደም ወደ ሥጋ ማስገባት ነው። ቆሽቱ ይህን ቅመም ማመንጨት ያቆመበት ሰው፣ ስኳሩ በደሙ ሞልቶ ሳለ ሥጋው ይራባል፤ ሲጠጣ አይረካም፤ ሲበላ ይከሳል። ከ1922 ዓ.ም. በፊት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እንዲህ ያለው በሽታ የያዘው ልጅ፣ ምግቡ እየተቀነሰ ጥቂት ጊዜ ከመቆየት በቀር ሌላ ተስፋ አልነበረውም።

በ1921 ዓ.ም. በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ፣ ፍሬድሪክ ባንቲንግ የሚባል ሐኪምና ቻርልስ ቤስት የሚባል ወጣት ረዳቱ፣ በፕሮፌሰር ማክላውድ የምርመራ ቤት ሆነው ይህን ቅመም ከእንስሳት ቆሽት ለማውጣት ደከሙ። በሚከተለው ዓመት ጃንዩወሪ 11 ቀን ሌናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ነገር ግን መድኃኒቱ ገና ያልጠራ ስለ ነበረ ስኳሩ የወረደው በጥቂቱ ብቻ ነበር፤ የተወጋበትም ስፍራ አብጦ ቋጠረ። ሐኪሞቹም መርፌውን አቆሙ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱን አልጣሉም፤ የልጁንም ጉዳት እንደ ከንቱ ነገር አልቈጠሩም። ጄምስ ኮሊፕ የሚባል የኬሚ ዐዋቂ መድኃኒቱን አጠራው፤ ጃንዩወሪ 23 ቀንም ሁለተኛ ጊዜ ተሰጠ። በዚያን ጊዜ ስኳሩ ወረደ፤ ልጁም ዳነ፤ እስከ 1935 ዓ.ም. ድረስም በሕይወት ኖረ። እንግዲህ ይህ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የተሻሻለው ያደረሰው ጉዳት ስለ ታየና ስለ ተነገረ ነው።

ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን መድኃኒቱ ከበሬና ከዐሣማ ቆሽት ሲወጣ፣ ቆዳቸው የሚያሳክካቸው፣ የሚወጉበትም ስፍራ እየሟሟ የሚጎደጉድባቸው ሕመምተኞች ነበሩ። መድኃኒቱ ይበልጥ እየጠራ ሲሄድ ይህ ጉዳት እጅግ ቀነሰ። ዛሬ የሚታየው ሌላው ነው፤ ይኸውም አንዱን ስፍራ ብቻ ደጋግሞ የሚወጋ ሰው በዚያ ስፍራ ስቡ ያብጥበታል፤ መድኃኒቱም ከዚያ እብጠት ወደ ደም የሚገባው አንድ ቀን ፈጥኖ አንድ ቀን ዘግይቶ ይሆናል። ስለዚህ ስፍራውን መለዋወጥ ይገባል። ሰውነታቸው የሚወፍርም አሉ።

ከነዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የስኳር ከልክ በታች መውረድ ነው። በጤነኛ ሰው ቆሽቱ የደሙን ስኳር እየተከተለ ቅመሙን ይጨምራል፣ ይቀንሳልም። በመርፌ የገባው ኢንሱሊን ግን ሰውየው ይብላ አይብላ አያውቅም፤ ሥራውን ይቀጥላል። መርፌውን ተወግቶ ምሳው የዘገየበት፣ ከልማዱ ይልቅ ብዙ መንገድ የሄደ፣ ወይም መጠጥ የጠጣ ሰው ስኳሩ በድንገት ያንሰዋል። በመቶ ሚሊሊትር ደም ከ70 ሚሊግራም በታች ሲሆን ወረደ ይባላል። በመጀመሪያ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ ልቡ ይመታል፤ ይርበዋል። ቀጥሎም አእምሮ ያለ ስኳር ሊሠራ አይችልምና ንግግሩ ይንተባተባል፤ አረማመዱ ይዛባል፤ ጨዋው ሰው ያለ ምክንያት ይቈጣል፤ የሚረዳውንም ይገፋል። ሳይደረስለት የቀረ እንደ ሆነ ያንፈራግጠዋል፤ ራሱንም ይስታል፤ ሊሞትም ይችላል።

እንዲህ ያለውን ሰው በመንገድ ያገኘው ምን ይላል? አንዱ አረቄ አብዝቷል ብሎ ይስቅበታል። ሌላው ክፉ መንፈስ ይዞታል ብሎ እጁን ያስራል። የሚፈርዱበት ሰዎች ክፉዎች ላይሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት የሚባክነው ደቂቃ ሁሉ ሕመምተኛውን ወደ ሞት ያቀርበዋል። ስለዚህ መዋጥ የሚችል እንደ ሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ተበጥብጦ፣ ወይም ማር ይሰጠው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገምለት፤ ሲሻለውም እንጀራ ወይም ዳቦ ይብላ። ራሱን ለሳተ ግን በአፉ ምንም አይጨመርበት፤ ወደ ሳንባው ወርዶ ያንቀዋልና። በጎኑ ተጋድሞ በፍጥነት ወደ ሐኪም ይወሰድ። ጸሎቱም ከዚህ ጋር አይጣላም።

ሕመምተኛው ሲነቃ ያደረገውን አያስታውስም፤ ሰዎች ሲነግሩት ግን ያፍራል። ከዚህ ኀፍረት የተነሣ በሽታውን የሚሰውር፣ መርፌውንም በራሱ ፈቃድ የሚቀንስ ወይም ፈጽሞ የሚተው አለ። ይህም ከአንዱ ገደል ሸሽቶ ወደ ሌላው መግባት ነው። ቆሽቱ ቅመሙን የማያመነጭለት ሰው ኢንሱሊንን ቢተው በጥቂት ቀን ውስጥ ደሙ በአሲድ ተመርዞ ይሞታልና።

ስለ ሕመምተኛ ቃል ሌላም አስተማሪ ታሪክ አለ። በ1982 ዓ.ም. በዐይን በማይታዩ ተሕዋስያን አማካይነት የሚሠራ፣ ከሰው ኢንሱሊን ጋር አንድ የሆነ መድኃኒት በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ተፈቀደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በስዊስና በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ አያሌ ሕመምተኞች፣ ከእንስሳት ከሚገኘው ወደ አዲሱ መድኃኒት ከተዛወሩ ወዲህ የስኳራቸው መውረድ አስቀድሞ እንደማይሰማቸው ተናገሩ። ሐኪሞች ሁለቱን መድኃኒቶች እያነጻጸሩ ብዙ ጊዜ መረመሩ፤ ጥናቶቹ በአንድነት ሲታዩ ግልጽ ልዩነት አልተገኘም። ዳሩ ግን ማስጠንቀቂያ ሳይሰማ ስኳር መውረዱ እውነተኛ ነገር ነው። ስኳሩ ደጋግሞ የሚወርድበት ሰው ሰውነቱ ይለምደዋል፤ ላቡና መንቀጥቀጡ ይቀራል፤ በድንገትም አእምሮው ይጨልማል። ለጥቂት ሳምንታት ስኳሩ እንዳይወርድ በጥንቃቄ የተጠበቀ እንደ ሆነ ግን በብዙዎች ዘንድ ማስጠንቀቂያው በመጠኑ ይመለሳል። ሕመምተኞቹ በምክንያቱ ላይ ተሳስተው ቢሆን እንኳ፣ የደረሰባቸውን ሲናገሩ አልዋሹም። ቃላቸው ባይሰማ ኖሮ ነገሩ ያን ያህል ባልተመረመረም ነበር።

ይህ ነገር ለካህናት ይልቁን ይገባል፤ ሕመምተኛ ለሐኪም ያልነገረውን ለንስሐ አባቱ ሊነግር ይችላልና። ማለዳ መርፌውን ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው በታላቅ አደጋ ውስጥ ነው። ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛውን ከጾም ግዴታ ይፈታል፤ ሆኖም ብዙ ምእመናን ከፍቅርም ከይሉኝታም የተነሣ ሳይናገሩ ይጾማሉ። ስለዚህ ጾም ሳይገባ የንስሐ አባት የልጁን በሽታና መርፌ ጠይቆ ይወቅ፤ ወደ ሐኪምም ይላከው። በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሳለ ስኳሩ የወረደበት ሰው ጣፋጭ ቢቀምስ፣ ጾም ሻረ ተብሎ አይነቀፍ። ጠበል የሚጠጣ ሰውም መርፌውን እንዲተው አይመከር።

ሕመምተኛውም በበኩሉ ስኳር በኪሱ ይያዝ፤ በሽታውን ለቤተ ሰቡና ለሥራ ባልደረቦቹ ይግለጥ፤ የተወጋበትን ሰዓትና መጠን፣ የበላውን፣ የተሰማውንም ጽፎ ለሐኪሙ ያሳይ። ሐኪሙም ጊዜ የለኝም ሳይል ያንብብለት፤ መጠኑንና ሰዓቱን ሊያስተካክል የሚችለው በዚያ ጽሕፈት ነውና።