ቪዛ ሁሉ ቪዛ አይደለም

«ቲቸር፣ ቪዛ ወጣልኝ!» ብላ ከሦስት ዓመት በፊት ያስተማርኳት ልጅ ፎቶውን በቴሌግራም ላከችልኝ። (ስሟን ሳልጠቅስ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።) ዱባይ ነው። እንኳን ደስ አለሽ ብዬ መጻፍ ጀምሬ ፎቶውን ከፍ አድርጌ ሳየው የጉብኝት ቪዛ ነው፣ 60 ቀን። «እኔ እኮ ለሥራ ነው የምሄደው፤ ደላላው እዛ ስትደርሺ ይቀየራል ብሎኛል» አለችኝ።

ይቺን «ይቀየራል» ከዚህ በፊት ሰምቻታለሁ። ሌላ ተማሪዬ እንዲሁ ሲነግረኝ ቪዛውን እንኳ ሳላይ «በርታ!» ብዬ ሸኘሁት። የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ «ቪዚት» የሚለውን ማንበብ አያቅተኝም ነበር። አልተቀየረለትም። ቀኑ አለፈ። እዛ አገር ቀን ላሳለፈ ሰው በየቀኑ 50 ድርሃም ይቆጠርበታል፤ በወር 1,500 ማለት ነው። አሠሪው የሁለት ወር ደሞዙን ሲከለክለው የሚከራከርበት ውል በእጁ የለም። ቅጣቱን ከፍሎ መውጣት ስላልቻለ ተደብቆ ከረመ። የተመለሰው በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ፣ መንግሥታቸው ምሕረት ሲያደርግ ነው። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ለልጅቷ የማውቀውን ነገርኳት። በጉብኝት ቪዛ መሥራት እዛ ሕገወጥ ነው። የሚቀየርለት ሰው አለ፣ አልዋሽም፤ ግን አሠሪው እምቢ ካለ ምንም ማድረግ አትችይም። በእኛ አዋጅ (923/2008) ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ የሚሄድ ሰው ሳይነሳ ውል ይፈርማል፤ የቪዛና የትኬት ወጪውን የሚችለውም አሠሪው ነው። የፓስፖርትና የሕክምና ምርመራው ነው ያንቺ። እዚህ ጋ ስንደርስ ዝም አለች። ለካ ለደላላው የተከፈለው ብር የላሟ ዋጋ ነው።

ማታ እናቷ ደወሉ። «መምህር፣ ላሟ እንደሆነ ተሽጣለች። አሁን ቅሪ ልበላት?» አሉኝ። የምለው ጠፋኝና «እስቲ ደላላውን የሥራ ውሉን ይጠይቁት» አልኳቸው። ጠየቁት። «እዛ ትፈርማለች» ብሎ ስልኩን ዘጋባቸው።

ትኬቱ ለሐሙስ ነው። ነገ ከክፍል ስወጣ ሦስታችንም ወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት እንሄዳለን፤ ብሩ ይመለስ አይመለስ አላውቅም። እናንተም ቪዛ የወጣላችሁ ልጆች ካላችሁ ፎቶውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ማታ ማታ አለሁ፣ አብረን እናነበዋለን።